ነጯ ካሬ

ባለቤቴ ወደቡ ላይ ባለው የዓሣ መሸጫ አዳራሽ ውስጥ ሚዛን ላይ ትሠራለች። ጀልባ ሲገባ ሣጥኑን ትመዝናለች፣ ኪሎውን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ከዚያ ጨረታው ይቀጥላል። ዓሣ አጥማጆቹ ስሟን ትተው «ሚዛኗ» ይሏታል። ስድብም አይደለም፣ ሙገሳም አይደለም፤ ከዕቃው ጋር አብራ የተገዛች ስለሚመስላቸው ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከወደቡ ከፍ ብሎ፣ ከከተማው የውሃ ታንከር ፊት ለፊት ነው። ባሕር የምወደው ከሩቅ፣ ያውም በመስኮት ነው። ጀልባ ላይ ስወጣ ገና ገመዱ ሳይፈታ ሆዴ ይገለበጣል። ዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ውስጥ አግብቼ፣ በዚህ ነገር ያልተሳቀብኝ ቀን የለም።

ማስተርስ ልትማር መመዝገቧን የነገረችኝ የሰው ሱሪ እየተኮስኩ ሳለ ነው።

«ምን ልትማሪ?»

«የባሕር አስተዳደርና የውቅያኖስ ጉዳዮች።»

«ውቅያኖሱ ደግሞ ምን ጉዳይ አለው?»

«ከአንተ የባሰ ጉዳይ አለበት። ሱሪው እየተቃጠለ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

በወጣትነቷ ባዮሎጂ አጥንታ ተመርቃለች፤ ሥራ ስትፈልግ ያገኘችው ሚዛኑን ነው። ታዲያ ሚዛን ላይ ረጅም ጊዜ የቆመ ሰው ሌላው የማያየውን ያያል። ድሮ አንድ ቀይ ዓሣ ብቻውን ሣጥን ይሞላ ነበር። እያደር ሁለት ሆኑ፣ ከዚያ ሦስት አራት ተደራርበው መምጣት ጀመሩ። ሣጥኑ ይሞላል፣ ኪሎውም ያው ነው፤ ዓሣው ግን ልጅ ነው። ይህን እራት ላይ ደጋግማ ስትነግረኝ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሾርባዬን እጠጣለሁ። ለካ ሰው ያልሰማላት ነገር ሆዷ ውስጥ እየተብላላ ኖሯል።

ትምህርቱ የማታ ነበር። ክፍሏ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጣ የመርከብ ካፒቴን፣ አንድ የጉምሩክ ጠበቃና ገና ጢም ያላወጡ ልጆች ነበሩ። ልጆቹ «እማማ» ሊሏት ሲሞክሩ አንድ ጊዜ ዓይኗን አፍጥጣባቸው ተዉት። የምታጠናው እኔ ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የባሕር ሕግ ተማረች፤ የአንድ አገር ውሃ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የማን እንደሆነ። ዓሣ እንዴት እንደሚገመት ተማረች። የተቆጣ ሰው የሞላበትን ስብሰባ እንዴት እንደሚመሩ ሳይቀር ተማረች፤ ይኸኛውን እኔ ላይ ስትለማመድ ደስ አላለኝም። ለፈተና እኔ ጠያቂ፣ እሷ መላሽ ሆነን ስናመሽ፣ ከየብስ ተነሥቶ ባሕር ሥር ስለሚዘልቀው አህጉራዊ ጠለል ከአንዳንዱ ተማሪ የማላንስ ልብስ ሰፊ ሆኜ ቀረሁ።

ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው የራሳችንን ወሽመጥ ነው። ቀዩ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው የት ነው? የትኛውስ ቦታ በእንቁላል ወራት ቢዘጋ ዓሣው ያገግማል? ጥያቄዋ ይኸው ነው። ወሽመጡን ካርታ ላይ በካሬ በካሬ ከፋፈለችው። በየካሬው ላይ በጣም ስስ በሆነ መረብ ውሃውን እየጎተቱ ያጠራሉ፤ መረቡ ጫፍ ላይ ባለችው ጠርሙስ ውስጥ እንቁላሉ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መረቡ ሁለቴ ተቀዶ ሁለቴም በእኔ መኪና ተሰፍቷል። ጠርሙሶቹ ፍሪጃችን ውስጥ ከወተቱ ጎን ስለሚደረደሩ ልጃችን ወተት መጠጣት አቆመች።

ጀልባው የታላቅ ወንድሟ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ «ጭምቱ» ይሉታል፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ መድኃኒት በጠብታ ነው። እሷ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፣ እኔም በእሷ አፍ «ጋሼ» እለዋለሁ። በየወሩ ሥራውን ትቶ ያለ ምንም ቃል ይዟት ይወጣ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ አባታቸው ትንሽ ልናገር። አማቼ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ደግሞ የራሱ ቦታ አለው። ቦታው የሚገኘው በዓይን ነው። ባሕር ላይ ሆኖ ወደ የብስ ሲያዩ፣ አንድ ቤት ከኋላው ካለ ገደል ጋር ልክ ሲገጥም አንድ መስመር ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ ሌሎች ሁለት ነገሮች ሲገጥሙ ሌላ መስመር ይሆናል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ላይ ያለ ሰው ደርሷል ማለት ነው። ምልክቶቹ ምን ምን እንደሆኑ ከቤት አይወጣም። የእነሱ ቦታ «የአባዬ ቤት» ይባላል፤ ከታች ጥልቅ ገደል አለው አሉ። ልጆቹን እዚያ ሲወስዱ አንድ ነገር በጥብቅ አስተምረዋቸዋል፦ ምልክቱ በዓይን ብቻ ይታያል፣ አንገት አይዞርም፣ በጣት ደግሞ በፍጹም አይጠቆምም። ጭምቱ ልጅ ሳለ አንዴ እጁን ቢዘረጋ በመቅዘፊያ መትተውት ጣቱ እስከ ዛሬ ጎበጥ ያለ ነው። ሌላ ጀልባ በአካባቢው ከታየም ቦታው ላይ አይቆምም፤ ዝም ብሎ ማለፍ ነው። ሰውዬው ሲሞቱ ምልክቶቹ ለሁለቱ ልጆቻቸው ብቻ ቀሩ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስኖር አንዴ ብጠይቃት፣ «የጨርቅህን ልክ ለካ» ብላ ዘግታኛለች።

ጥናቱ ሲያልቅ ካርታውን ለአማካሪዋ አቀረበች። አማካሪዋ በዕድሜ ከእሷ የምታንስ፣ ለስለስ ያለች ፕሮፌሰር ነች፤ ሁለቱ «እርስዎ» እየተባባሉ ነው የሚሟገቱት። እንቁላል የበዛበት ካሬ ቀይ፣ ያነሰበት ቢጫ ተቀብቷል። አንዲት ካሬ ግን ነጭ ነበረች።

«ይቺ ለምን ባዶ ሆነች?» አለች ፕሮፌሰሯ።

«በባሕሩ ሁኔታ ምክንያት ናሙና አልተወሰደም።»

«በየወሩ?»

ባለቤቴ ወረቀቷን ማገላበጥ ጀመረች።

«ባሕሩ ይቺን ካሬ ብቻ ነው የሚቆጣባት? እባክዎን ይሙሏት፤ እንዲህ ሆና አልፈርምም።»

የዚያን ዕለት ቤት ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። ጫማዋን ሳታወልቅ ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ነጯ የአባዬ ቤት ያለባት ናት» አለችኝ። «በየወሩ ስናልፍ ሁልጊዜ የሆነ ጀልባ ይታያል። ወንድም ጋሼ ሞተሩን ሳያበርድ ያልፋል፤ እኔም ዝም እላለሁ። ዝም ማለቴን ራሱ አላስተዋልኩትም። አንተ ቤትህ ስትገባ በሩን ዘጋሁ ብለህ ታስባለህ?»

«ታዲያ አንዲት ካሬ ብትጎድል ምን ይሆናል?»

«እየው እስቲ። ነጭ ሆና ከቀረች፣ ቀዩ በሙሉ ሰሜን ያለው ድንጋይ ላይ ነው። የሽማግሌው የአባ ቁጣ ቦታ ነው። የእነ እንትና ነው። የሰዉን ሁሉ ዝጉ ብዬ ጽፌ የወንድሜን ክፍት ልተወው ነው። ደግሞ እኮ አውቃለሁ። አባዬ በብርድ ወራት ከዚያ ያወጣቸው ዓሦች ሆዳቸው በእንቁላል የተወጠረ ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

አንጀቴን በላችው። ሰው ሁሉ መማር ያዋጣል ይላል፤ እኔ ግን ያን ሰዓት ትምህርቱ ባይጀመር ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

በማግሥቱ ወንድሟ ቤት ሄድን። ግቢው ውስጥ ሞተሩን ፈትቶ በዘይት ተጨማልቋል። እሷ ቆማ አስረዳችው፤ እሱ ቀና ሳይል ሰምቶ ጨረሰ።

«ነጭ ይሁን» አለ።

«አይሆንም ወንድም ጋሼ። ፕሮፌሰሯ አትፈርምልኝም።»

«አትፈርማ።»

«የፊርማው ነገር ይቅር። የሌላው ሰው ተዘግቶ የኛ ይተው ልበል? በየቀኑ እኮ ሣጥናቸውን የምመዝነው እኔ ነኝ። ዓይናቸውን እንዴት አየዋለሁ?»

«የኔን ልጆች ዓይንስ?» መፍቻውን አስቀመጠ። «ዝጉ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ማንም አላስገደደሽም። አባዬ ለኔም ላንቺም ሰጠን። አንቺ ደመወዝ አለሽ። እኔ ያለኝ እሱ ነው። የልጆቼን ጉሮሮ ካርታ ላይ ቀለም ልትቀቢው ነው?»

«በእንቁላሉ ወራት ብቻ ነው የሚዘጋው። ካልተዘጋ ደግሞ ለልጆችህም አይተርፍም።»

«ጀልባዬን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ» አለና ወደ ሞተሩ ተመለሰ። በጠብታ የሚመጣው መድኃኒት አለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣጥኖቹን የሚያመጣው የእሷ ተራ ካለቀ በኋላ፣ ሌላኛው ሠራተኛ ሚዛን ላይ ሲቆም ሆነ። ጀልባውን አስሮ፣ በረዶ አልብሶ፣ ተራዋ እስኪያልቅ ዳር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እሷ ከአዳራሹ ስትወጣ አጠገቡ ታልፋለች፤ እሱ ገመድ ያያል፣ እሷ መሬት ታያለች። ሰው ሁሉ አየ። እኔን ያበሳጨኝ ይኸ ነው፤ ቢጣሉ በወጉ ተሰዳድበው በተጣሉ!

ባለቤቴ ግን አንዴ ካለች አለች ነው። ዩኒቨርሲቲው አንድ ጀልባ አለው፤ እሳት የመሰለ ቢጫ የተቀባ፣ ከሰማይም የሚታይ። ያንን ይዞ የአባዬ ቤት ላይ መቆም ማለት አደባባይ ላይ ማወጅ ነው። ስለዚህ ዶፍ ዝናብ ጠበቀች። ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ቤቱ በተኛበት ቀን፣ አንድ ነጂ ለምና ወጣች። ነጂው ቦታውን መልሶ እንዳያገኘው ካሬዋ ውስጥ እያዞረች አንከራተተችው። በየወሩም እንዲሁ አደረገች። አንዴ ስትመለስ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ጠርሙሷን ጡቷ ሥር ይዛ ገባች። ማይክሮስኮፑ ላይ ያየችውን ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልነበረም። ከሁሉም ካሬ የበለጠ እንቁላል የነበረው እዚያ ነው። ነጯ ካሬ በካርታው ላይ ከሁሉም የባሰች ቀይ ሆነች፤ ፕሮፌሰሯም ፈረመች።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ትምህርት ክፍሉ አንድ ልማድ አለው። የመመረቂያ ጽሑፍ መጀመሪያ የሚቀርበው ጥናቱ በሚነካቸው ሰዎች ፊት፣ እነሱ ባሉበት ቦታ ነው፤ ፈታኞቹ ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ሰዎቹ ጠይቀው መልስ ካጡ ወይም ጥለው ከወጡ ጽሑፉ ተመልሶ ይሠራል። ጡረተኛው ካፒቴን ስለ ወደብ ተሸካሚዎች ጽፎ ተሸካሚዎቹ በሳቅ ሸኝተውት ዓመት ደግሟል። የእሷ እንግዲህ እዚያው የዓሣ መሸጫ አዳራሽ ውስጥ፣ ሚዛኗ አጠገብ ሊሆን ነው።

ቀኑ ሲደርስ አዲስ ጃኬት ሰፋሁላት። ዓሣ አጥማጆቹ በባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጠው አዳራሹን ሞሉት። ወንድሟ መምጣቱን አላየሁም ነበር፤ ኋላ ዞር ስል ከበረዶ ማሽኑ ጎን ቆሟል። ሊያዋርዳት የመጣ መሰለኝ።

ጥሩ አድርጋ ጀመረች። በፊት ሣጥን ይሞላ ስለነበረው ቀይ ዓሣ ስትናገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ካርታው ግድግዳው ላይ ሲበራ ግን ጉርምርምታው ተነሣ። አባ ቁጣ፣ ሰሜን ድንጋዩ ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ስማቸውን ያወጣላቸው ሰው አልተሳሳተም።

«የኔ ተዘጋ። እሺ። ያቺ ደም የመሰለችውስ የማን ናት?»

«የማንም ትሁን አባባ፣ እኩል ነው የምትዘጋው» አለች።

«መልካም። አሁን ንገሪኝ። እኔ ባሕር ላይ ነኝ። ያቺ ካሬ የት ትጀምራለች?»

የካሬዋን መገኛ በዲግሪና በደቂቃ አነበበችላቸው።

«እሱን ለዓሣው ንገሪው!» አሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ስልኬ ውሃ ከነካው ወዲህ የልጄ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። እኔ የማየው በዓይኔ ነው። ከየትኛው ቤት ከየትኛው ገደል? ካላወቅሁት እንዴት ልሽሸው? ነገ ብገባበት ልትቀጪኝ ነው?»

አንዱ ፈታኝ ተንሳፋፊ ምልክት ስለማኖር አንድ ነገር ተናገረ። የወደቡ ሹም ለእሱ በጀት የለንም አለ። አባ ቁጣ አልተቀመጡም።

«አንቺ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነሽ» አሉ፣ አሁን ቀስ ብለው። «አባትሽን አውቃቸዋለሁ። መልስ አለሽ ወይስ የለሽም?»

መልሱ አፏ ውስጥ ነበር። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያን አላወቀም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትናገር ጽሑፏ ያልፋል። ቦታው በካሬዋ ውስጥ እንዳለ ካርታው ተናግሯል፤ ካሬዋ ግን ሰፊ ናት፣ ያለ ምልክት ዘመን ቢፈልጉ አያገኙትም። ይኸን የመጨረሻውን ነገር እሷ አልነካችውም። ፈታኞቹን አየች፣ ካርታውን አየች።

«የለኝም» አለች።

አባ ቁጣ ኮፍያቸውን አደረጉ። ከኋላቸው ሣጥኖች መንሿሿት ጀመሩ፤ ሰው ሊወጣ ተነሣ። ፕሮፌሰሯ አቀርቅራ እስክሪብቶዋን ትከድናለች።

ያኔ ጭምቱ ከበረዶ ማሽኑ ጎን ተንቀሳቀሰ። በሰው መሐል እየተጋፋ ወደ መንገዱ የሚያወጣውን ትልቁን በር ከፈተው። ከዚያ በር ላይ ከተማው በሙሉ ይታያል።

«ኑ» አለ። «አንዴ ነው የምናገረው።»

እጁን ዘረጋ። ሙሉ ክንዱን ነው የዘረጋው፤ ያ ጎበጥ ያለው ጣት ቀጥ ለማለት እየሞከረ ወደ ላይ አመለከተ።

«የውሃ ታንከሩ ከድንጋይ ማውጫው ነጭ ገደል ጫፍ ጋር ሲገጥም፣ አንድ። የሆስፒታሉ ጭስ ማውጫ የኮረብታው ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ፣ ሁለት። ሁለቱን አንድ ላይ ካያችሁ መሐሉ ላይ ናችሁ። መረብ አትጣሉ። ወራቱ እስኪያልፍ ውጡ።»

አንድም ሰው አልሳቀም። አባ ቁጣ ታንከሩን አዩ፣ ገደሉን አዩ፣ ታንከሩን አዩ።

«ስንት ዘመን በላዩ አልፌበታለሁ!» ብለው በመዳፋቸው ግንባራቸውን መቱ። ከዚያ ተመልሰው ሣጥናቸው ላይ ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሌላውም ተቀመጠ።

ባለቤቴ የቀረውን እንዴት እንደጨረሰችው አታስታውስም። ጽሑፉ አለፈ። ከወንድሟ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሊያባብላት አልሞከረም፤ «አታልቅሺ፣ ሥራ ቦታሽ ነው» ብሏት ወጣ። እኔ ግን አለቀስኩ። አንድም ለሷ፣ አንድም ለራሴ። ይህን ሁሉ ዘመን መስኮቴን ጋርዶ ብርሃን የሚከለክለኝን፣ በየጠዋቱ የምረግመውን ታንከር እሷ በየጠዋቱ ከእኔ ጎን ቆማ አይታዋለች፤ አንዴም ትንፍሽ አላለችም። እኔም የሰማሁት ከአባ ቁጣ እኩል ነው።

በዚያው ዕለት ወደ ማምሻው ጭምቱ ሱቄ መጣ። ለወራት ደጄን ረግጦ አያውቅም። ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ጣለና መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ።

«ከዚህ ሲያዩት አስቀያሚ ነው» አለ።

«ከባሕርስ?» አልኩት።

መርፌዬ ውስጥ ክር ማስገባት ጀመርኩ።

«ከባሕር ሲያዩት አባዬ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር» አለ። «አሁን ሁሉንም ሰው ይጠብቃል።»

ሱሪውን አነሣሁ፣ መጣፊያ የሚመስለውን ጨርቅ ፈለግሁ። እሱ በሩ ጋ ደርሶ፣ መዝጊያውን እንደያዘ ወደኔ ሳይዞር ጠየቀኝ።

«ነገ ጠዋት ሚዛን ላይ ማን ነው?»

«እሷ ናት።»

«በጊዜ እመጣለሁ በላት» አለና ሄደ።